ዘመድ ቶሎ የሚያልቅበት ቤት

«ብቸኝነት በቀን 15 ሲጋራ ከማጨስ እኩል ይገድላል» የሚለው አባባል በየሬዲዮው ይነገራል፣ በየቴሌግራሙ ይዞራል። አብሮትም አንድ መደምደሚያ ይከተላል፦ ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛ እድርና ዘመድ ስላለን አያሰጋንም። ሁለቱም መታረም አለባቸው።

የሲጋራው ንጽጽር ጁሊያን ሆልት-ለንስታድና ባልደረቦቿ በ2010 እ.ኤ.አ. ካወጡት ሥራ የተወሰደ ነው። ተመራማሪዎቹ ከ308 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተቱ 148 ጥናቶችን አንድ ላይ መረመሩ። ክትትሉ በአማካይ ሰባት ዓመት ተኩል ሲሆን፣ ማኅበራዊ ግንኙነታቸው የጠነከረ ሰዎች በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው በ50 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ዕድሜያቸው በ50 በመቶ ይረዝማል ማለት ግን አይደለም። የተለካውም የብቸኝነት ስሜት ብቻ ሳይሆን ትዳር፣ የወዳጅ ብዛት፣ በችግር ጊዜ ደራሽ ማግኘት ጭምር ነው። ይህ ሁሉ ተጨምቆ አንድ የሲጋራ ቁጥር ሲሆን ዋናው ጥያቄ ይጠፋል፤ ዘመድ የሌለው ሰው ዘመዱን እንዴት አጣው?

ይህን ጥያቄ አጥብቀው ከያዙት አንዷ በኦስቲን የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂስቷ ደብራ አምበርሰን ናቸው። ዝምድናና ጤና መተሳሰራቸውን ከጻፉት ቀደምት ተመራማሪዎች መካከል ናቸው። በ2017 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት ቆም ብሎ ማየት የሚገባ ነው። ከ42 ሺህ በላይ አሜሪካውያን የተመዘገቡባቸውን ሁለት ትልልቅ መረጃዎች ይዘው፣ ማን በስንት ዓመቱ ማንን በሞት እንዳጣ ተመለከቱ። ጥቁር አሜሪካውያን ከነጮቹ ይልቅ እናት፣ አባት፣ ወንድምና እህት በለጋ ዕድሜያቸው ያጣሉ። ጎልማሳ ሲሆኑም ልጅና የትዳር ጓደኛ የመቅበር ዕጣቸው ይበልጣል።

ምክንያቱ ምስጢር አይደለም። ጥቁሮች በአማካይ ቀድመው ይሞታሉ፤ ቀድሞ የሚሞት ሰው ደግሞ የአንድ ሰው እናት፣ የሌላው ወንድም ነው። የዕድሜ ልዩነት ሲነገር የምንቆጥረው የሞተውን ነው። አምበርሰን የቆጠሩት የቀረውን ነው።

በቀረው ላይ የሚደርሰው በብዙ መንገድ ነው። ሐዘን እንቅልፍ ይነሳል፣ የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ ሰውነት ከበሽታ ጋር የሚዋጋበትን ሥርዓት ያዛባል። ይህ የመጀመሪያው ብቻ ነው። እናቱን ያጣ ልጅ የሚያጠናውም የሚበላውም ይለወጣል፤ ታላቅ እህት ካለችው እሷ ትምህርቷን ትታ ቤቱን ልትይዝ ትችላለች። ካስማው አንድ በአንድ እንደሚነቀል ድንኳን ነው፤ አንዱ በተነቀለ ቁጥር ሸክሙ የቀሩት ላይ ይበረታል። ከዚያ ሲያልፍ ደግሞ ጥቃቅኑ ነገር ይመጣል። አምበርሰን ቀደም ብለው እንዳሳዩት፣ ወንዶች ከትዳር የሚያገኙት የጤና ጥቅም በከፊል ሚስቶች ከሚያደርጉት ክትትል የሚመጣ ነው። «መድኃኒትህን ዋጥክ? ጨው አታብዛ፤ ቀጠሮህ ነገ ነው» የምትል ሴት ስትሞት፣ ባል ከፍቅር ጋር ይህን ሁሉ ያጣል። ኪኒኑ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ነው፤ የሚያስታውስ የለም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰውን ሆን ብሎ ሐዘን ላይ ጥሎ መሞከር ስለማይቻል፣ ማስረጃው ሁሉ ከክትትል የተገኘ ነው። የታመመ ሰው ከሰው ይርቃል፤ ስለዚህ መንስኤውና ውጤቱ ሊገለባበጡ ይችላሉ። ድህነት ሞትንም ሕመምንም ስለሚያመጣ የሐዘኑን ድርሻ ለይቶ ማውጣት ከባድ ነው። ትዳርም ሁልጊዜ አይጠቅምም፤ ጭቅጭቅ የበዛበት ትዳር የሰውን ጤና ይጎዳል፣ ጉዳቱም ከዕድሜ ጋር ይብሳል። ከሁሉም የሚከብደው ደግሞ ተመራማሪዎቹ ኤልዌርትና ክሪስታኪስ በአሜሪካ በ2006 እ.ኤ.አ. ያገኙት ነው፦ የትዳር ጓደኛ መሞት የነጮቹን አረጋውያን ሞት ሲያፋጥን በጥቁሮቹ ላይ ይህ አልታየም። ከዘመድ ጋር አብሮ መኖር ጠብቋቸው ይሆናል የሚል ግምት ቀርቧል። እኔ ሁለቱን ግኝቶች እንደ ተቃራኒ አላያቸውም። በእርጅና ዘመን ባልን ወይም ሚስትን ማጣት አንድ ነገር ነው፤ በአሥር ዓመት ዕድሜ እናትን ማጣት ሌላ ነው። ዘመድ ይጠብቃል፤ ቶሎ ካለቀ ግን የሚጠብቀውም አብሮ ያልቃል።

ስለዚህ «እኛ ዘመድ ስላለን» ብሎ መዘናጋት አያዋጣም። በ1969 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የወጣ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 55 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሚስት የሞተባቸው ወንዶች በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የመሞት ዕድላቸው በ40 በመቶ ያህል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። የእኛ ለቅሶ ቤት ግን እስከ ሠልስት ሞልቶ፣ ከአርባው በኋላ ይሳሳል። እባካችሁ በሦስተኛውና በአራተኛው ወርም ሂዱ። እግዜር ያጥናህ ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምግብ በልቶ እንደሆነ፣ መድኃኒቱን መውሰዱን፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ጠይቁት።