ኩሽኔታ ከመሰበሩ በፊት ምን ይናገራል?

ኩሽኔታ የሚለውን ቃል የወረስነው ከጣልያንኛ ነው። ዕቃውን ግን አብዛኞቻችን ያወቅነው ከፋብሪካ ሳይሆን ከመንደር ነው፤ ልጆች ከጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ ለቅመው ከጣውላ ሥር በመግጠም ቁልቁለት የሚነዱትን ጋሪ ያላየ አንባቢ ይኖራል ብለን አንገምትም። ከመኪና ወጥቶ የተጣለው ኩሽኔታ በአስፋልት ላይ ለወራት የሚሽከረከር ከሆነ መጀመሪያውኑ ለምን ተጣለ? ለመካኒኩ ኩሽኔታ ሞተ የሚባለው መሽከርከሩን ሲያቆም አይደለም። የሚሽከረከርበት ቦይ ገጽ ልሙጥነቱን ባጣ ዕለት ሞቷል። ከዚያ ዕለት አንሥቶ ዘንጉ እስኪሰበር ወይም ሞተሩ እስኪቃጠል ድረስ ያለው ጊዜ ሳምንታት ወይም ወራት ሊሆን ይችላል፤ የጥገና ሰው ሥራም በዚህ ጊዜ ውስጥ ምልክቱን ማንበብ ነው። በዚህ ጽሑፍ ምልክቶቹ ከየት እንደሚመነጩ፣ የትኛው ቀድሞ የትኛው ዘግይቶ እንደሚታይ እንመለከታለን።

በጤፍ ቅንጣት ላይ የሚያርፍ ጭነት

የተለመደው ባለ ኳስ ኩሽኔታ አራት ክፍሎች አሉት፤ በዘንጉ ላይ የሚጠልቀው የውስጥ ቀለበት፣ በማሽኑ አካል ውስጥ የሚቀመጠው የውጭ ቀለበት፣ በሁለቱ መካከል የሚሽከረከሩት ኳሶች፣ እንዲሁም ኳሶቹን አራርቆ የሚይዘው ማቀፊያ ናቸው። ቀለበቶቹና ኳሶቹ የሚሠሩት 1 በመቶ ያህል ካርቦንና 1.5 በመቶ ያህል ክሮሚየም ካለው እጅግ ጠንካራ ብረት ነው። ይህን ያህል ጥንካሬ ያስፈለገው ያለምክንያት አይደለም። ኳሱ ቦዩን የሚነካበት ቦታ ከአንድ የጤፍ ቅንጣት እምብዛም አይበልጥም። ጭነቱ በሙሉ በዚያች ነጥብ ስለሚያልፍ ግፊቱ ከ1 እስከ 3 ጊጋፓስካል ይደርሳል፤ ይህም ከከባቢ አየር ግፊት ከ10,000 እስከ 30,000 እጥፍ መሆኑ ነው። ሁለት ጠጣር አካላት ሲነካኩ የሚፈጠረውን ይህን ግፊት ለማስላት የሚያስችለውን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1881 ያቀረበው፣ ስሙ በድግግሞሽ መለኪያነት የሚታወሰው ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሄንሪክ ኸርትዝ ነው።

በኳሱና በቦዩ መካከል የሚገባው የዘይት ሽፋን ውፍረት ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ፣ አይበልጥም። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል መሆኑን ስናስታውስ የሽፋኑ ቅጥነት ይገባናል። እንዲህ የቀጠነ ዘይት እንዴት ተጨምቆ አይወጣም? ግፊቱ እጅግ ሲበረታ የዘይቱ ውፍረት ወደ ጠጣር እስኪጠጋ ድረስ ስለሚጨምርና ብረቱ ራሱ ጥቂት ስለሚረግብ ነው። ከዚህም የምንረዳው 10 ማይክሮን የሆነች የአቧራ ቅንጣት ለዓይን ባትታይም ለኩሽኔታ ግን ቋጥኝ መሆኗን ነው። ቦዩን ወግታ ትንሽ ጎድጓድ ትተዋለች፤ የጎድጓዱ ጠርዝ በሚቀጥለው ዙር የበለጠ ግፊት ይቀበላል፤ ስንጥቅ የሚጀምረውም ከዚያ ነው።

ፍጹም ንጹሕ የሆነ ኩሽኔታም ቢሆን ብረቱ በተደጋጋሚ ጭነት መዛሉ አይቀርም። የብረት ዝለት ደግሞ የዕድል ጉዳይ አለበት፤ በአንድ ቀን የተሠሩ፣ በአንድ ዓይነት ጭነት የሚሽከረከሩ ኩሽኔታዎች በአንድ ቀን አይሞቱም። ስለዚህ አምራቾች ዕድሜ ብለው የሚገልጹት ከመቶው ኩሽኔታ 90ው ሳይበላሹ የሚያልፉትን የዙር ብዛት ነው። ስዊድናዊው አርቪድ ፓልምግሬን እ.ኤ.አ. በ1924 ያቀረበው፣ ከጉስታፍ ሉንድበርግ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1947 ያጠናከረው ስሌት እንደሚያሳየው የባለ ኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ በጭነቱ ኩብ ይቀንሳል። በምሳሌ ብንመለከተው፣ በአምራቹ ሠንጠረዥ የጭነት አቅሙ 30 ኪሎኒውተን ተብሎ የተመዘገበ ኩሽኔታ 3 ኪሎኒውተን ቢሸከም፣ አቅሙን ለጭነቱ ስናካፍል 10፣ የ10 ኩብ 1,000፣ ስለዚህ ዕድሜው 1,000 ሚሊዮን ዙር ይሆናል። በደቂቃ 1,500 ጊዜ ለሚዞር ዘንግ ይህ 11,000 ሰዓት ያህል ነው፤ ቀንና ሌሊት ቢሠራ 1 ዓመት ከ3 ወር መሆኑ ነው። የወፍጮው ባለቤት ቺንጋው እንዳይንሸራተት ብሎ ከልክ በላይ ሲያጠብቀውና ጭነቱ 6 ኪሎኒውተን ሲሆንስ? ዕድሜው በግማሽ ሳይሆን በስምንት እጅ ይቀንሳል፤ 2 ወር እንኳ አይሞላም።

የዘገየው ምልክት

ብዙ ሰው የኩሽኔታን ጤንነት የሚመረምረው እጁን በሞተሩ ላይ አሳርፎ ነው። ሙቀት እውነተኛ ምልክት ነው፤ ነገር ግን ከሁሉም የዘገየ ምልክት ነው። ለዚህ የአሜሪካን የባቡር አደጋ እንደ ማስረጃ እንውሰድ። ጥር 26 ቀን 2015 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2023) በኦሃዮ ግዛት ኢስት ፓለስታይን በተባለች ከተማ አጠገብ አንድ የጭነት ባቡር ሐዲዱን ሳተ። ምክንያቱ የፕላስቲክ ፍሬ የጫነ የአንድ ፉርጎ የመንኰራኵር ኩሽኔታ ነበር። በሐዲዱ ዳር የተተከሉ የሙቀት መለኪያዎች ባቡሩ ሲያልፍ የየኩሽኔታውን ሙቀት ይለካሉ። የመጀመሪያው መለኪያ ያ ኩሽኔታ ከአካባቢው አየር በ21 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እንደሚበልጥ መዘገበ፤ ሁለተኛው 57 ዲግሪ መዘገበ። ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ግን ልዩነቱ ከ90 ዲግሪ ሲያልፍ ስለነበረ ሁለቱም ዝም አሉ። ቀጣዩ መለኪያ የሚገኘው ከዚያ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነበር። እዚያ ሲደርስ ልዩነቱ 141 ዲግሪ ሆነ፤ የማስጠንቀቂያ ድምፅ ተሰማ፤ ሾፌሮቹ ባቡሩን ለማቆም ሲጥሩ አክስሉ ተለየ። 38 ፉርጎዎች ከሐዲድ ወጡ፤ ከእነዚህም 11ዱ አደገኛ ኬሚካል የያዙ ነበሩ። በዕለቱ የሞተ ሰው ባይኖርም ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቅቀው ሸሹ፤ ከሦስት ቀን በኋላም በአምስት ታንከሮች የነበረው ቪኒል ክሎራይድ ሆን ተብሎ ተለቅቆ ተቃጠለ።

የአገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባደረገው ምርመራ፣ መለኪያዎቹ የሚያዩት የኩሽኔታውን ውጫዊ ገጽ በመሆኑ የሚያሳዩት ሙቀት ከእውነተኛው ያነሰና አሳሳች ሊሆን እንደሚችል ደምድሟል። በእኛ አስተያየት ከዚህ የሚበልጠው ቁም ነገር ሌላ ነው። 21፣ 57፣ 141 የሚሉት ቁጥሮች ለየብቻቸው ሲታዩ ሁለቱ ከወሰኑ በታች ናቸው፤ በተርታ ሲነበቡ ግን በፍጥነት የሚወጣ መሥመር ናቸው። የአንድ ፋብሪካ የጥገና ክፍል በየሳምንቱ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ የለካውን ሙቀት በደብተር የሚያሰፍር ከሆነ፣ ውድ መሣሪያ ገዝቶ አንድ ጊዜ ብቻ ከሚለካው ይልቅ ብዙ ያውቃል።

ካቻቢቴና ሒሳብ

የቆየ መካኒክ ረጅም ካቻቢቴ ወስዶ ጫፉን በኩሽኔታው ቤት ላይ፣ እጀታውን በጆሮው ሥር አድርጎ ሲያዳምጥ የሚሠራው ሥራ ሳይንሳዊ ነው። ብረት ድምፅን ከአየር በተሻለ ያስተላልፋልና። ጤናማ ኩሽኔታ ወጥ የሆነ ሹክሹክታ አለው፤ ግራሶ ያነሰው ያፏጫል፤ ቦዩ የተፋቀው ደግሞ በተስተካከለ ልዩነት ይንኳኳል። በእርግጥ የሚሽከረከር ዘንግ አጠገብ ጆሮን ማስጠጋት አደጋ ስላለው የሐኪም ማዳመጫ የመሰለው የመካኒክ መሣሪያ ይመረጣል።

መንኳኳቱ በሴኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ማወቅ ከተቻለ ጉዳቱ የት እንዳለ ኩሽኔታው ሳይፈታ መናገር ይቻላል። በትንንሽ ሞተሮች ላይ የሚገኘውን፣ 6205 በሚል ቁጥር የሚታወቀውን ኩሽኔታ እንውሰድ። 9 ኳሶች አሉት፤ የአንዱ ኳስ ዲያሜትር 7.94 ሚሊ ሜትር፣ በኳሶቹ መሐል የሚያልፈው ክብ ዲያሜትር ደግሞ 39.04 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ኳሶቹ በውስጥ በኩል 31.10፣ በውጭ በኩል 46.98 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ባለው ቦይ ላይ ይሽከረከራሉ። የውስጡ ቦይ ስለሚያንስ፣ ዘንጉ አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ማቀፊያው ከነኳሶቹ የሚዞረው 31.10 ለሁለቱ ድምር ሲካፈል የሚገኘውን ያህል፣ ማለትም 0.398 ዙር ብቻ ነው። በውጭው ቀለበት ላይ ጉዳት ቢኖር 9ኙ ኳሶች በአንድ ዙር 3.585 ጊዜ ያልፉበታል። በውስጠኛው ቀለበት ላይ ከሆነ ደግሞ ቀለበቱ ማቀፊያውን በ0.602 ዙር ስለሚቀድመው 5.415 ጊዜ ይሆናል። ሁለቱን የደመረ አንባቢ የኳሶቹን ቁጥር 9ን ያገኛል።

ሞተሩ በደቂቃ 1,440፣ በሴኮንድ 24 ጊዜ ይዞራል እንበል። በንዝረት መለኪያው ስፔክትረም ላይ በ86 ኸርትዝ ገደማ የተነሣ ጫፍ ካየን የውጭው ቀለበት፣ በ130 ኸርትዝ ገደማ ከሆነ የውስጡ ተጎድቷል ማለት ነው። እነዚህ ቁጥሮች የ24 ሙሉ ብዜት አለመሆናቸው ትልቅ ጥቅም አለው፤ ሚዛኑን የሳተ ዘንግ የሚያሳየው ንዝረት በራሱ በ24 ኸርትዝ፣ በመስመር የተዛነፈ ዘንግ ደግሞ በ24ና በብዜቶቹ ላይ ስለሚወጣ ከኩሽኔታው ጉዳት ጋር አይምታታም። ኳሶቹ ጥቂት ስለሚንሸራተቱ ከስሌቱ 1 ወይም 2 በመቶ ፈቀቅ ያለ ቁጥር ቢገኝ ሊያስደንቀን አይገባም።

ግራሶ፣ መዶሻና መረሬ አፈር

ግራሶ ማለት ዘይትን እንደ ስፖንጅ የያዘ ሳሙና ነው፤ ሥራውን የሚሠራው ከሳሙናው ጥቂት በጥቂት የሚለቀቀው ዘይት ነው። «ይብዛ እንጂ አይነስ» የሚለው አስተሳሰብ እዚህ ላይ አይሠራም። ኩሽኔታው ሙሉ በሙሉ ከተሞላ ኳሶቹ ግራሶውን እያቦኩ ስለሚሽከረከሩ ሙቀት ይፈጠራል፤ በመሆኑም በአብዛኛው የሚመከረው ከባዶው ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ መሙላት ነው። ከ70 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በየ15 ዲግሪው የግራሶው ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል የሚለው የመሐንዲሶች መመሪያም መዘንጋት የለበትም። የተለያየ መሠረት ያላቸውን ግራሶዎች መቀላቀልም ሌላ ጥፋት ነው፤ ቅልቅሉ እንደ ውኃ ቀጥኖ ሊፈስ ይችላል።

ገጠማ ላይ ደግሞ ዋናው ጠላት መዶሻ ነው። የውስጡን ቀለበት በዘንግ ላይ ለማስገባት የውጩን የሚመታ ሰው ኃይሉን በኳሶቹ በኩል ስለሚያሳልፍ አዲሱ ኩሽኔታ ገና ሳይሠራ ቦዩ በኳሶቹ ልክ ይጎደጉዳል። መፍትሔው የፊዚክስ መማሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊዮን 12 እጅ ያህል ስለሚለጠጥ፣ ቀዳዳው 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ኩሽኔታ በ80 ዲግሪ ሲሞቅ ቀዳዳው በ38 ማይክሮን ይሰፋል፤ ያኔ ያለ ምት በእጅ ይገባል። ማሞቂያው የነበልባል እሳት እንዳይሆን፣ ሙቀቱም ከ125 ዲግሪ እንዳያልፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ብረቱ ጥንካሬውን ያጣል።

ኩሽኔታው ደህና ሆኖ መሬቱ የሚከዳበት ጊዜም አለ። በስዊድን በጎተንበርግ ከተማ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና መሐንዲስ የነበረው ስቬን ቪንግክቪስት፣ ፋብሪካው የቆመበት የሸክላ አፈር እየሰመጠ ረጃጅሞቹን ዘንጎች ከመስመር ስለሚያወጣቸው ኩሽኔታዎቹ ያለ ዕድሜያቸው ያልቁበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 የውጭው ቀለበቱ ቦይ የሉል ቅርጽ ያለው፣ ከዘንጉ ጋር ራሱን የሚያዘነብል ባለ ሁለት ረድፍ ኩሽኔታ ፈለሰፈ፤ ኤስ.ኬ.ኤፍ. የተባለው ኩባንያም በዚያው ዓመት ተመሠረተ። በአገራችን በክረምት የሚያብጠውና በበጋ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር መረሬ አፈር ላይ ማሽን የሚተክል ሰው ታሪኩን ልብ ሊለው ይገባል።

ቆሞ የሚውል ማሽንም አይድንም። የስኳር ፋብሪካዎቻችን በክረምት ሸንኮራ መፍጨት አቁመው ለጥገና ሲዘጉ፣ ሳይሽከረከር የተቀመጠ ሞተር ከአጠገቡ ካለ ማሽን በሚመጣ ንዝረት ብቻ ኳሶቹ ባሉበት ቦታ ቦዩን ሊፍቁት ይችላሉ። በየጊዜው ዘንጉን በእጅ ጥቂት ማዞር በቂ መከላከያ ነው።

ታዲያ ለጥንቃቄ ሲባል ሁሉንም በየስድስት ወሩ መፍታትስ? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ የባሕር ጠረፍ ጠባቂ አውሮፕላኖችን ጥገና ያጠናው ኮንራድ ዋዲንግተን (በሙያው የሥነ ሕይወት ሊቅ ነበር) አንድ አስገራሚ ነገር አገኘ፤ ያልታሰበ ብልሽት የሚበዛው ልክ ከመደበኛው ምርመራ በኋላ ሲሆን፣ ከዚያ እየቀነሰ ይሄድ ነበር። ደህናውን መፍታት ራሱ ጉዳት ያስገባ ነበርና። የተዘጋ ኩሽኔታ ምልክት ካልሰጠ በቀር ባይከፈት ይመረጣል።

ምልክት ሰጥቶ የወጣውን ግን መጣል ስሕተት ነው። በመጋዝ ተቆርጦ ቦዩ ሲታይ የሞተበትን ምክንያት ይናገራል። በአንድ ወገን ብቻ የተላጠ ከሆነ ጭነቱ አድልቷል፤ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ቀለም ካለው ዘይቱ ቀድሞ አልቋል፤ በኳሶቹ ርቀት ልክ የተጎደጎደ ከሆነ መዶሻ አይቶታል። ቦዩ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ በተስተካከለ ሸንተረር ከተሞላ ደግሞ ጥፋቱ የመካኒኩ ሳይሆን የኤሌክትሪኩ ነው። የሞተርን ፍጥነት በሚቀያይሩ ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያዎች ምክንያት በዘንጉ ላይ የሚፈጠረው ኮረንቲ በቀጭኑ የዘይት ሽፋን ውስጥ እየፈነጠቀ ብረቱን ያቀልጠዋል። እንዲህ ባለው ሞተር ላይ ኮረንቲ የማያስተላልፍ ኩሽኔታ ካልተገጠመ ወይም ዘንጉ በብሩሽ ከመሬት ጋር ካልተያያዘ፣ አዲስ የሚገባው ኩሽኔታም ያንኑ ሸንተረር ይዞ ይወጣል።