«መቃኘት» ወይስ «ማስተካከል»? ስለ ብርሃን ገዢ ገጾች የቀረበ የቃል ምርጫ

ብርሃንን የሚገዙ ገጾችን በሜካኒካዊ ሞገድ በፍጥነት ስለ መለወጥ የሚናገር ጽሑፍ ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይበልጥ የሚቸገረው በስሙ ሳይሆን በግሡ ነው። «ማስተካከል» ይበል ወይስ «መቃኘት»?

ከቃሉ በፊት ነገሩን እንመልከት። የድምፅ ሞገድ ብርሃንን ሊበትን እንደሚችል ፈረንሳዊው ሊዮን ብሪዩዋን እ.ኤ.አ. በ1922 በንድፈ ሐሳብ አመለከተ፤ በ1932 ደባይና ሲርስ፣ እንዲሁም ሉካና ቢካር በሙከራ አሳዩት። ዛሬ ደግሞ ሞገዱ በጠጣር አካል ገጽ ላይ እንዲጓዝ ይደረጋል። በአንደኛው አሠራር እጅግ ደቃቅ የወርቅ ቅንጣቶች ከመስተዋት በላይ፣ በስስ የፖሊመር ንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ። ሞገዱ ሲያልፍ ንጣፉ ይጨመቃል፣ ይለጠጣልም። በቅንጣቱና በመስተዋቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲጠብ ቅንጣቱ የሚያስተጋባው ብርሃን ወደ ቀይ ያደላል፤ ሲሰፋ ወደ ሰማያዊ ይመለሳል። ይህም በሴኮንድ እስከ ቢሊዮን ጊዜ ያህል ሊደጋገም ይችላል።

«ማስተካከል» የተዛባን ማቅናት ነው፤ እዚህ ግን የተዛባ ነገር የለም። ክራር መቺ አውታሩን ሲያከር ወይም ሲያላላ የሚለውጠው የአውታሩን የድምፅ ድግግሞሽ ነው፤ በገጹም ላይ የሚሆነው ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለዚህ «መቃኘት» የነገሩን ምሥጢር ይዟል እንላለን።

ሆኖም ሁለት እንቅፋቶች አሉበት። አንደኛ፣ «ቃኘ» ዙሪያ ገባውን ተመለከተ፣ ሰለለ ማለትም ነው። በዚሁ ሙያ የብርሃን ጨረርን በሞገድ እየመሩ ከዳር እስከ ዳር ማመላለስ የተለመደ በመሆኑ፣ «ብርሃንን መቃኘት» ቢባል ሁለቱ ተግባራት ይምታታሉ። ሁለተኛ፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያልን የምንጠራቸው ቅኝቶች የጸኑ ሥርዓቶች ናቸው፤ ክራሩ በቅድሚያ ይቃኛል፣ ከዚያ ይመታል። ይህ ገጽ ግን የሚሠራው እየተቃኘ ነው።

ስለሆነም የሚከተለውን እናቀርባለን። «መቃኘት» ለገጹ ብቻ ይዋል፤ ለጨረሩ «ማሰስ» ይባል። የማያቋርጠው ለውጥ «ተከታታይ ቅኝት» ቢባል ከጸናው ቅኝት ይለያል። ሞገዱንም፣ ጆሮ የማይሰማው በመሆኑ፣ «የድምፅ» ከማለት «የንዝረት ሞገድ» ማለቱ ይመረጣል። እንዲህ ከሆነ «የንዝረት ሞገዱ ገጹን ይቃኛል፤ ጨረሩም ያስሳል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። የሙያ ቃል የሚመዘነውም በመዝገበ ቃላት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሳይሆን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር ሲውል ነው።