ራሱን መርዳት ለማይችል ሰው ጠባቂው ማን ነው?

ሰው ወደዚህ ዓለም ሲመጣ በሰው እጅ ይታቀፋል፤ ሲያረጅ ወይም ደዌ ሲጥለው ደግሞ ተመልሶ በሰው እጅ ይወድቃል። ሕፃን ሲያለቅስ ጎረቤት ሳይቀር «ምን ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል። አልጋ ላይ የዋለ ዐዋቂ ሰው ግን ቢያለቅስ «እርጅና ነው»፥ «አመሉ ነው» ተብሎ ይታለፋል። በዚህ ዓመት መጽሔታችን ላይ ይህን ጉዳይ ለመጻፍ የመረጥሁት በመጽሐፍ ስላነበብሁት ብቻ ሳይሆን በቤታችን ስላየሁትም ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት የአያቴ ግማሽ አካል በድንገት ሽባ ሆነ። ከሆስፒታል ሲወጡ ነርሷ አጥብቃ የነገረችን ነገር ነበር፤ ይኸውም በየሁለት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን እንድናገላብጣቸው ነው። አንድ ሰው ሳይንቀሳቀስ ሲተኛ አጥንቱ ቆዳውን ተጭኖ ደም እንዳይዘዋወርበት ያደርጋል፤ ደም ያላገኘ ቆዳም ይሞትና ይቆስላል። ከቀትር በኋላ ያለው ተራ የእኔ ነበር። የፈተና ሰሞን ደብተሬን ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፤ እዚያው ተቀምጬም እረሳቸዋለሁ። አያቴ አንድ ቀን እንኳ «አገላብጠኝ» አላሉኝም። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነርሷ ልትጠይቃቸው መጥታ ልብሳቸውን ገለጥ ብታደርግ ከወገባቸው በታች ያለው ቆዳ ተልጦ ቆስሏል። ወደ እኔ ሳትዞር እሳቸውን «እማማ፥ ሲያምዎት ለምን አልተናገሩም?» አለቻቸው። እሳቸውም «ልጁ እያጠና ነው ብዬ ነው» አሉ።

በአያቴ ላይ እጁን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቃል የተናገራቸውም የለም። ቁስሉ ግን ነበረ። በዚያን ቀን፥ በደል በክፉ ሰዎች ብቻ የሚሠራ ነገር አለመሆኑን ተረዳሁ።

የዓለም የጤና ድርጅት በአረጋውያን ላይ የሚደርሰውን በደል ሲተረጉም ሁለት ነገሮችን ያጣምራል። አንደኛው፥ እምነት የተጣለበት ሰው የሚፈጽመው ጎጂ ሥራ ነው፤ ሁለተኛው፥ መደረግ የሚገባውን ሳያደርግ መቅረቱ ነው። ስለዚህ መምታት፥ መገፍተርና ማሰር በደል ነው፤ መስደብና ማስፈራራትም በደል ነው። የጡረታ ገንዘቡን መውሰድ፥ ወይም ምን እንደ ተጻፈ ሳይረዳ ወረቀት ላይ ማስፈረም እንዲሁ በደል ነው። ምግብ፥ ውሃ፥ መድኃኒትና ንጽሕና መንፈግ ቸልታ ይባላል፤ ቸልታም ከበደል ይቆጠራል። በመጦሪያ ቤት ደግሞ ሌላ ዐይነት አለ፤ ለሠራተኛው እንዲመች ተብሎ ሁሉም ሳያንቀላፋ በአንድ ሰዓት እንዲተኛ፥ ሳይርበው በአንድ ሰዓት እንዲበላ ሲደረግ፥ ቤቱ ራሱ በዳይ ይሆናል።

ይህ ድርጅት እንደሚገልጸው፥ ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰዎች መካከል ከ6ቱ 1ዱ ያህል በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ዐይነት በደል ደርሶበታል። በመጦሪያ ቤቶች ከሚሠሩት ሰዎች ደግሞ ከ3ቱ 2ቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በደል መፈጸማቸውን ራሳቸው ተናግረዋል። ነገሩ እንዴት ይህን ያህል ሊሰፋ እንደሚችል ለመረዳት በእንግሊዝ አገር የሆነውን አንድ ታሪክ እንመልከት። ዘመኑን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው።

በብሪስቶል ከተማ አጠገብ ዊንተርቦርን ቪው የሚባል 24 አልጋ ያለው የግል ሆስፒታል ነበር። በውስጡም የአእምሮ ዕድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ዐዋቂዎች ይኖሩ ነበር። ለአንድ ሰው በየሳምንቱ በአማካይ 3,500 ፓውንድ ይከፈልለት ስለ ነበር፥ በደል ከድህነት ብቻ ይመጣል የሚል ሰው ካለ ይህን ያስብ። በ2003 ዓ.ም. መጀመሪያ በዚያ ይሠራ የነበረ አንድ ነርስ ሕመምተኞቹ እንዴት እንደሚያዙ አይቶ ለአለቆቹ ጻፈ፤ ቀጥሎም የእንክብካቤ ጥራት ኮሚሽን ለሚባለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አመለከተ። የሚሰማው ቢያጣ ወደ ቢቢሲ ሄደ። ከዚያም አንድ ጋዜጠኛ ረዳት አስታማሚ ሆኖ ተቀጠረና ስውር ካሜራ ይዞ አምስት ሳምንት ሠራ። ግንቦት 23 ቀን 2003 ዓ.ም. ፓኖራማ በሚባለው ዝግጅት ፊልሙ በቴሌቪዥን ሲታይ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። አስታማሚዎቹ ሕመምተኞቹን በጥፊ ሲመቱ፥ መሬት ለመሬት ሲጎትቱ፥ ልብሳቸውን እንደ ለበሱ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱባቸው ታየ። ሆስፒታሉ በሰኔ ወር ተዘጋ። 11 ሠራተኞች ጥፋታቸውን አመኑ፤ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. 6ቱ እስራት ተፈረደባቸው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ ነው።

ማርጋሬት ፍሊን የተባሉ ሴት ነገሩን መርምረው በ2004 ዓ.ም. መጨረሻ የወጣውን ዘገባ ጻፉ። ከዘገባው እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ድብደባው ሳይሆን፥ ምልክቱ አስቀድሞ የታየ መሆኑ ነው። ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት በነበሩት ጥቂት ዓመታት ለአካባቢው አስተዳደር 40 ጊዜ ጥቆማ ደርሶት ነበር፤ ፖሊስም 29 ጊዜ ስለዚያ ቤት ሰምቶ ነበር። ነገር ግን እያንዳንዱ ጥቆማ ለብቻው እንደ ደረሰ ትንሽ ነገር ተቆጠረ እንጂ፥ ሁሉንም በአንድ ላይ ደርድሮ «ይህ ቤት ምን ሆኗል?» ያለ አልተገኘም።

በእኔ አስተያየት ከዚህ ታሪክ ሦስት ምክንያቶች ይገኛሉ። መጀመሪያው የተዘጋ በር ነው፤ ሊጠይቁ የሚመጡ ዘመዶች ወደ ሕመምተኞቹ መኝታ ክፍል እንዲገቡ አይፈቀድላቸውም ነበር። ሁለተኛው የሠራተኞቹ ሁኔታ ነው፤ በቂ ትምህርት ሳያገኙ በቀን 12 ሰዓት ይሠሩ ነበር፤ ሕመምተኞቹም ያለ ሥራ ሲቀመጡ ይውሉ ነበር። የደከመና ያልተማረ ሰው ኀይሉን ከእሱ በሚያንሰው ላይ ቶሎ ያወጣል። ሦስተኛው ዝምታ ነው። በእኛም አገር «ውሾን ያነሣ ውሾ ይሁን» የሚባል አነጋገር አለ። ለጠብ ማብረጃ መልካም ሊሆን ይችላል፤ የታመመ ሰው በሚኖርበት ቤት ግን ጥፋትን መቅበሪያ ይሆናል።

እንግሊዞች ከዚህ በኋላ ሕጋቸውን አጠናከሩ። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የእንክብካቤ ሕግ፥ ርዳታ የሚያስፈልገውና ራሱን መከላከል የማይችል ዐዋቂ ሰው ተበድሏል የሚል ጥርጣሬ ሲኖር የአካባቢው አስተዳደር ማጣራት ግዴታው መሆኑን ደነገገ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ በእጁ ያለውን ሰው የሚያንገላታ ወይም ሆን ብሎ የሚዘነጋ አስታማሚ እስከ 5 ዓመት ሊታሰር እንደሚችል አስታወቀ። ለእንክብካቤ ሕጉ ማስፈጸሚያ ከተቀመጡት ስድስት መመሪያዎች የመጀመሪያው፥ ተጠባቂው ሰው ራሱ ምን እንደሚፈልግ ተጠይቆ በነገሩ ውስጥ ድምፅ እንዲኖረው የሚያዝ ነው። ይህን ሳነብ ነርሷ እኔን ትታ አያቴን የጠየቀችበት ምክንያት ገባኝ።

በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ አረጋዊንና ሕመምተኛን የሚጦረው ቤተ ዘመድ ነው። ዘመድ ያጡትን የሚሰበስቡ እንደ መቄዶንያ ያሉ በጎ አድራጊ ድርጅቶችም አሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 41፥ መንግሥት ዐቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው ዓለም ዐቀፍ የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአንቀጽ 16፥ እነዚህን ሰዎች የሚያገለግሉ ቤቶች በገለልተኛ ባለሥልጣን ቁጥጥር እንዲደረግባቸው ይጠይቃል። ሕጉ መኖሩ መልካም ነው፤ ሆኖም ሕግ በየመኝታ ቤቱ ገብቶ አንሶላ አይገልጥም። የሚገልጠው ሰው ነው።

እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ? አንደኛ፥ ሕመምተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ አስታማሚውን ብቻ «እንዴት ናቸው?» ብለን አንመለስ፤ ራሳቸውን ሕመምተኛውን፥ ቢቻል ለብቻቸው፥ እንጠይቅ። ሁለተኛ፥ ምልክቶችን እንወቅ፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ሰንበር፥ በድንገት መክሳት፥ የደረቀ ከንፈር፥ አንድ ሰው ሲገባ ዝም ማለት፥ የጠፋ ገንዘብ። ሦስተኛ፥ ያየነውን ቀኑን ጽፈን ለሚመለከተው እንንገር፤ አንዱ ባይሰማ ለሌላው እንናገር። አራተኛ፥ አስታማሚውን እንርዳ። ሌሊቱን ሙሉ ብቻዋን የምታስታምም ሴት ብትቆጣ፥ ጥፋቱ የእሷ ብቻ አይደለም፤ ተራ ያልገባንላት የሁላችንም ነው። «ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ» ተብሎ የለምን?

የአያቴ ቁስል እስኪድን አራት ወር ፈጀ። ዛሬ በአልጋቸው ራስጌ ግድግዳው ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሰዓቱና የተረኛው ስም ተጽፎበታል፤ ያገላበጠ ሰው ምልክት ያደርጋል። አያቴ ማንበብ አይችሉም፤ የእኔን ስም ግን መልኩን ለይተው ያውቁታል። ምልክቱ ከሌለ በደኅናው እጃቸው ወደ ወረቀቱ ያመለክቱኛል። አሁን መናገር ጀምረዋል ማለት ነው።

ውድ አንባቢዎች፥ ከእናንተም መካከል አልጋ ላይ የዋለ ሰው በቤቱ ያለ ብዙ ይሆናል። ይህን መጽሔት አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ እሳቸው ገብታችሁ «ምን ላድርግልዎ?» ብላችሁ ብትጠይቁልኝ ድካሜ ከንቱ አልቀረም እላለሁ።