ከእርከኑ የሚወጣ ዳኛ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፣ ኦሎምፒያ ላይ፣ አንድ አሽከርካሪ ዜብራ የሚያቋርጥ እግረኛ ገጨና እግረኛው ሞተ እንበል። አሽከርካሪው ግን አልሸሸም። ተጎጂውን ራሱ አንስቶ ሆስፒታል አደረሰ፤ ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543(2) እንደ ሐኪምና አሽከርካሪ ያሉ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ያለባቸው ሰዎች በቸልተኝነት ሲገድሉ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ ይጥልባቸዋል። ጥያቄው በ1 እና በ5 መካከል ያለውን ርቀት ማን ይለካዋል የሚለው ነው።

ቀድሞ የሚለካው ዳኛው ብቻውን ነበር። ተመሳሳይ ጥፋት ያጠፉ ሁለት ሰዎች ከተለያዩ ችሎቶች የተራራቀ ቅጣት ይዘው ሊወጡ ይችሉ ነበር። ስለዚህ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 88(4) ቅጣት ትክክለኛና ወጥ እንዲሆን ጠቅላይ ፍርድ ቤት መመሪያ እንዲያወጣ አዘዘ። የመጀመሪያው መመሪያ ቁጥር 1/2002 ሲሆን፣ በኋላ በቁጥር 2/2006 ተሻሻለ።

መመሪያው ቅጣትን በእርከን ይሰፍራል። ዳኛው መጀመሪያ የቅጣቱን መነሻ እርከን ይይዛል፤ ማክበጃ ሲረጋገጥ ወደ ላይ ይወጣል፤ ማቅለያ ሲገኝ ወደ ታች ይወርዳል። በመመሪያው የክብደት ደረጃ ያልወጣላቸው ወንጀሎች ሲገጥሙት የጥፋቱን ክብደት ራሱ ይመዝናል።

ተከሳሹ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ የሚሰማው የቅጣት አስተያየት የሚቀርበውም እርከኑ ወደ ላይ ይውጣ ወይስ ወደ ታች ይውረድ የሚለውን ለመወሰን ነው። ዐቃቤ ሕግ ማክበጃውን ይዘረዝራል። ተከላካይ ጠበቃ ደግሞ «ሪከርድ የለበትም፣ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው፣ ተጸጽቷል» ይላል። የዚያ አሽከርካሪ ተጎጂውን ማንሳት ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ በአንቀጽ 82 ለተጎጂ እርዳታ በማድረግ የተገለጸ ጸጸት ማቅለያ ነው።

አንዳንዱ ጉዳይ ግን ከእርከኑ ጋር አይገጥምም። ሕጉ አስቀድሞ ያላሰበው ሁኔታ ሊኖር ይችላል። አንቀጽ 86 ዳኛው በሕጉ ያልተዘረዘረ ምክንያት ይዞ ቅጣት እንዲያከብድ ወይም እንዲያቀል ይፈቅድለታል፤ ምክንያቱን ግን መግለጽ አለበት። መመሪያውም በራሱ በር ትቷል። መመሪያውን መከተል የወንጀል ሕጉን ዓላማ አያሳካም ብሎ ያመነ ዳኛ፣ ለምን እንደሆነ በዝርዝር ጽፎ ከመመሪያው መውጣት ይችላል።

ከመመሪያው መውጣት ከሕጉ መውጣት አይደለም። የአንቀጹ ጣሪያና ወለል እንዳሉ ናቸው፤ ከወለሉ በታች የሚያወርደውም ሕጉ ራሱ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

ዳኛ ከመመሪያ እንዲወጣ መፍቀድ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ ሕግ ዳኛ መመሪያውን እንዲከተል ያስገድዳል፤ መከተሉ ፍትሕን የሚጻረር ከሆነ ግን ይለቀዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2005 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ የፌዴራሉን መመሪያ ከአስገዳጅነት ወደ ምክር አውርዶታል።

የእኛው አካሄድ በመሃል ነው፤ ትክክልም ነው። ሰውን በቁጥር ብቻ የሚቀጣ ችሎት ፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው አያይም፤ ምክንያቱን ሳይጽፍ ከመመሪያው የሚወጣ ችሎት ደግሞ የሟችን ቤተሰብም የተቀጣውንም መልስ ያሳጣል። «የነገሩን ሁኔታ ከግምት በማስገባት» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ዝርዝር ምክንያት ሊባል አይገባም። እርስዎም፣ የተቀጣው ወይም የተበደለው ዘመድዎ ከሆነ፣ የፍርዱን ግልባጭ ያውጡ፤ ስንተኛው እርከን እንደተያዘና ዳኛው ከመመሪያው ከወጣ ለምን እንደወጣ የተጻፈበትን ገጽ ፈልገው ያንብቡ።