የቢላል ናፍቆትና የየካዋ እናት

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከእንጦጦ ጋራ ሥር ከተቀመጡት መንደሮች በአንዱ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ከአንዲት እናት ቤት እንጉርጉሮ ይሰማል። ቃሉ መንዙማ፣ ዜማው የወሎ ነው። የእኚህ እናት ልጅ በየመን በኩል ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሻገር ከቤት ከወጣ ወዲህ ወሬው የለም። ለቡና የሚሰበሰቡት ጎረቤቶች «ሶብር ያድርጉ እንጂ» ይሏቸዋል። አንድ ቀን ደግሞ ዲን በመማር ላይ ያለ የእህታቸው ልጅ፣ «አክስቴ፣ እንዲህ ማንጎራጎር ትዕግሥት ማጣት አይሆንብዎትም ወይ?» ሲል ጠየቃቸው።

«ለሰው መች አልኩ ልጄ» አሉት፤ ሌላ አልጨመሩም።

የወጣቱ ጥያቄ የክፋት አልነበረም። መልስም ይገባዋል። መልሱ የሚገኘው በእናታቸው ሐበሻ በሆኑት በቢላል ኢብን ረባሕ (ረ.ዐ.) ታሪክ ውስጥ ነው።

ሙሃጂሮቹ መዲና በገቡ ሰሞን ከተማይቱ የንዳድ አገር ነበረች። አቡበክርና ቢላል (ረ.ዐ.) ታመው ወደቁ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሊጠይቋቸው ገቡ። አቡበክር ትኩሳቱ ሲያይልባቸው ሞት ለሰው ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ በግጥም ይናገሩ ነበር። ቢላል ግን ንዳዱ በረድ ሲልላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ስለ መካ ገጠሙ፤ ስለ ሸለቆዋ፣ ስለ ሣሯ፣ ስለ ውኃዋ፣ ሻማና ጠፊል ስለሚባሉት ተራሮቿ። ልብ እንበል፤ መካ ማለት ቢላል በጋለ አሸዋ ላይ ተንጋለው፣ ደረታቸው ላይ ቋጥኝ ተጭኖ የተሰቃዩባት ከተማ ናት። ሰው የተገረፈበትንም አገር ይናፍቃል።

ዓኢሻ የሰሙትን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሯቸው። ነቢዩ ቢላልን አልወቀሱም። አላህ መዲናን እንደ መካ፣ ከዚያም አብልጦ ተወዳጅ እንዲያደርግላቸው፣ አየሯን ጤናማ እንዲያደርገው፣ በመስፈሪያዋ በረካ እንዲጥል፣ ትኩሳቷንም ወደ ጁሕፋ እንዲያዛውረው ዱዓ አደረጉ። ሐዲሡ በቡኻሪ ሶሒሕ ውስጥ ይገኛል። ነቢዩላህ ያዕቆብም (ዐ.ሰ.) በልጃቸው በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪጠፋ አልቅሰዋል፤ ስሞታቸውን ግን ወደ አላህ እንጂ ወደ ሌላ አላቀረቡም።

የእኛ አገር ሰው ይህንን መንገድ በመንዙማ ይዞታል። ቃሉ ከዐረብኛው «ነዝም» የመጣ ነው፤ ዶቃን በክር እንደ መደርደር ማለት ነው። ወሎ ውስጥ መንዙማ የመውሊድ ብቻ አልነበረም። ዝናብ ሲጠፋ፣ በሽታ ሲገባ ሰው በሐድራ ተሰብስቦ አላህን ይለምንበት ነበር። በ1870 ዓ.ም. ከተደረገው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎን ሙስሊም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ባስገደዱ ጊዜ፣ ተቃውሞውን ከመሩት ዑለማዎች አንዱ ሼኽ ጦልሐ ኢብን ጀዕፈር ነበሩ። እኚህ ዓሊም በዐጀሚ፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል በተጻፈ አማርኛ፣ ግጥም ደርሰዋል። ኪታብ ሊቃጠል ይችላል፤ በቃል የተያዘ መንዙማ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሰደዳል። ከወሎ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ሰውም ይዞት መጣ። በካሴት ዘመን ደግሞ የሼኽ ሙሐመድ አወል ሐምዛ ድምፅ ወሎን አይተው በማያውቁ ልጆች ቤት ሳይቀር ገባ።

እርግጥ ዑለማዎቻችን በመንዙማ ጉዳይ አንድ ቃል አይደሉም። ለአላህ ብቻ የሚገባውን ልመና ለፍጡር የሚያቀርብ ስንኝ ለዚህ ጸሐፊም አይጥመውም። ነገር ግን የሹዐራእ ምዕራፍ በየሸለቆው የሚዋትቱትን ባለቅኔዎች ከነቀፈ በኋላ፣ ያመኑትን፣ መልካም የሠሩትንና አላህን አብዝተው ያወሱትን ለይቶ አውጥቷል። በዚህ ሚዛን እየተመዘነ የሚቀረው ይቅር፣ የሚያዘውም ይያዝ። ያዘነችን እናት አፍ ከመዝጋት ግን ምን እናተርፋለን?

የቢላል ታሪክ በዚያ ቤት የተነሣው ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ሳለ ነበር። እናትየው ጸጥ ብለው አዳመጡና፣ ሁለቱ ተራሮች እንደ እንጦጦ ዛፍ ያላቸው እንደሆነ ጠየቁ። ወጣቱ፣ የመካ ተራራ ድንጋይ እንደሆነ ነገራቸው። «ድንጋዩንም ናፈቁት» አሉ። ወጣቱ ትንሽ ቆይቶ ከኪሱ ብዕር አወጣና መንዙማውን ቀስ ብለው እንዲደግሙለት ለመናቸው። ግማሹን አሉለት። የቀረውን እናታቸው እንጂ እሳቸው አያውቁትም።