ብስክሌታችንን ባለ ሞተር ከማድረጋችን በፊት

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። እኔም ዘንድሮ እንዲህ ልሆን ትንሽ ነበር የቀረኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩበት ትምህርት ቤት ከጀሞ ማዶ ነው። ብስክሌት አለኝ፤ ሆኖም መንገዱ ላይ ያለውን ዳገት ጨርሼ ክፍል ስገባ ሸሚዜ በላብ ርሶ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ ልጆቹ ይስቁብኛል። እማዬ የዕቁብ ዕጣዋ ሲደርሳት «በቃ ለብስክሌትህ ሞተር ግዛበት» አለችኝ። ይህ ገንዘብ የእናቴ የብዙ ወር ልፋት ነውና ዝም ብሎ መርካቶ ሄዶ መግዛት አላስቻለኝም። አንድ ወር ሙሉ ስጠይቅ፣ ስለካና ሳሰላ ከረምኩ። ያገኘሁትን ለብቻዬ ከምይዘው ላካፍላችሁ ብዬ ይኸው ጽፌአለሁ።

በመሠረቱ ብስክሌት ላይ ሞተር መግጠም አዲስ ነገር አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጣሊያኖች «ኩቾሎ»፣ ማለትም ቡችላ፣ ብለው የሰየሙትን 48 ሲሲ ሞተር ለብስክሌት አቀረቡ። ፈረንሳዮች ደግሞ የፊት ጎማውን በተሽከርካሪ ጥቅል እየገፋ የሚነዳውን ሶሌክስ ሠሩ። በጃፓን ሶይቺሮ ሆንዳ በ1946 እ.ኤ.አ. ከጦርነቱ የተረፉ የወታደር ሬዲዮ ጄኔሬተር ሞተሮችን ብስክሌት ላይ እየገጠመ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ በዓለም የታወቀው የሆንዳ ኩባንያ አነሳሱ ይኸው ነበር። እንግዲህ ጥያቄው ይቻላል ወይ ሳይሆን፣ ለኛ መንገድ የትኛው ይሻላል ነው።

አንደኛ፤ ዳገቱን እንለካ። ከአንድ ግንበኛ ውሃ ልክ ተውሼ፣ አንድ ሜትር ጣውላ ይዤ ወጣሁ። ጣውላውን ዳገቱ ላይ አጋድሜ ውሃ ልኩ እስኪስተካከል ዝቅ ያለውን ጫፍ አነሳሁና ክፍተቱን በማስመሪያ ስለካው 5 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ዳገቱ 5 በመቶ ነው ማለት ነው። እኔ፣ ብስክሌቱ፣ ሞተሩና ደብተሮቼ ተደምረን 100 ኪሎ እንሆናለን እንበል። በሰከንድ 4 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 14 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ብንሄድ በየሰከንዱ 0.2 ሜትር ወደ ላይ እንወጣለን። 100 ሲባዛ በ10 ሲባዛ በ0.2፣ 200 ዋት ይሆናል። ለጎማው ሰበቃና ለነፋሱ 60 ዋት ብንጨምር 260 ዋት። ጤነኛ ሰው ሳይደክም ረገጥ ረገጥ ሲያደርግ 100 ዋት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ የቀረውን 160 ዋት የሚሸከም ሞተር ይበቃኛል። ሻጩ ግን «ትልቁን ውሰድ» ነው የሚለው!

ሁለተኛ፤ ቤንዚን ወይስ ኤሌክትሪክ? ባለ ሁለት ምት የቤንዚን ሞተር ርካሽና ጉልበተኛ ነው። ነገር ግን ዘይት ከቤንዚኑ ጋር መቀላቀል አለበት፤ በ1 ለ25 ሒሳብ ለአንድ ሊትር 40 ሚሊ ሊትር። ጭሱና ጩኸቱም አለ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውንም አትመኑ። «80 ሲሲ» ተብሎ የሚሸጠው የተለመደው ሞተር የሲሊንደሩ ስፋት 47 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምላስ የሚጓዘው 38 ሚሊ ሜትር ነው። እስቲ አስሉት፤ 66 ሲሲ ብቻ ነው የሚመጣው። በዚህ ላይ ለቡ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። እዚህ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። በካርቡሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የምታልፍበት ቀዳዳ ጠበብ ባለች ካልተተካች ደግሞ ቤንዚኑ ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም፤ ከፍታው አይገደውም። ከዚሁ ከለቡ ጣቢያ የሚነሳው የጂቡቲ ባቡርም በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ታዲያ ምደባው መብራት ወዳልገባበት ገጠር የሚሆንበት መምህር ቤንዚኑን ቢመርጥ አልፈርድበትም። እዚያ ለባትሪው ፀሐይ ካልሆነች በቀር የሚያበላው የለም።

ሦስተኛ፤ ባትሪው። ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ ማባዛት ነው። 36 ቮልትና 10 አምፔር ሰዓት 360 ዋት ሰዓት ይሆናል። እየረገጡ ለሚሄዱ ሰዎች በኪሎ ሜትር ከ12 እስከ 18 ዋት ሰዓት ቢፈጅ፣ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ሜትር ይወስዳል። የእርሳስ ባትሪ ዋጋው ቢቀልም ክብደቱ ብዙ ነው፤ ሊትየሙ 3 ኪሎ ያህል ነው። ግን አደራ! ሊትየም ባትሪ የራሱ ባልሆነ ቻርጀር አይሞላ፤ ማታ ማደሪያ ክፍል ውስጥ ሰክቶ መተኛትም አይገባም። እሳት ቢነሣ ስምንት ሰው በሚያድርበት ክፍል መውጫው አንድ በር ነው።

አራተኛና ዋናው ፍሬኑ ነው። ሰፈራችን ውስጥ መካኒክ የሆኑ ጋሼ አሉ። ስለ ሞተሩ ላማክራቸው ብሄድ፣ «ሞተሩን ተወውና ፍሬንህን አሳየኝ» አሉኝ። ጎተት አደረጉት። ጎማው በልቶ ብረቱ ቸርኬውን ይፍቃል። «ልጄ፣ ሞተሩ ያስኬድሃል። የሚያቆምህ ማነው?» አሉኝ። አፈርኩ። ፊዚክስ ተምሬ የለ! ፍጥነት ከ15 ወደ 30 ሲያድግ ጉልበቱ በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ነው የሚያድገው፤ ለመቆም የሚያስፈልገውም ርቀት እንዲሁ። አምና አንድ ጓደኛችን ቁልቁለት ላይ እጁን የሰበረው ሞተሩ ተበላሽቶበት አልነበረም፤ ፍሬኑ ስላልያዘለት ነው።

ጋሼ ሌላም ነገር አሳዩኝ። ሞተሩ የፊት ጎማ ላይ ሲሆን በተነሣ ቁጥር ጎማውን የያዘውን ሹካ ይጠመዝዘዋል። ሹካው አሉሚኒየም ከሆነ ሳይታሰብ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ቴላዮው ብረት ይሁን፣ ሞተሩ የኋላ ጎማ ላይ ይሁን፣ አክሱሉ እንዳይዞር የሚይዝ ብረት ይታሰርበት ነው ያሉኝ።

ሕጉም አይረሳ። በ2011 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በሞተር ብስክሌቶች ላይ ገደብ መጣሉን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር ገንዘብ ከመክፈላችን በፊት ትራንስፖርት ቢሮ ጎራ ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ከለቡ እስከ ጀሞ በተሠራው የብስክሌት መንገድ ላይም እግረኛና ሕፃን አለና ሞተር አለን ብለን አንብረር።

በመጨረሻ እኔ የወሰንኩት 250 ዋት፣ 36 ቮልት፣ የኋላ ጎማ ላይ የሚገጠም የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ትልቁን ስላልገዛሁ ከእማዬ ገንዘብ የተረፈ አለ። በእርሱ አስቀድሜ አዲስ የፍሬን ጎማና ሽቦ ገዝቼ አስገጥሜአለሁ። ሞተሩ ደግሞ የሕጉን ነገር ጠይቄ ስጨርስ ይከተላል። እማዬ ስትሰማ «ሞተር ግዛ ብልህ ፍሬን ገዝተህ መጣህ?» ብላ ሳቀች፤ ኋላ ግን መረቀችኝ።

ውሃ ልኩ ገና እኔ ዘንድ ነው። መንገዱን ለመለካት የሚፈልግ ካለ አብረን እንውጣ። ስሌቱ ላይ ስሕተት ያገኘ መምህርም ሆነ ሠልጣኝ ከዚህ ጽሑፍ ሥር ይጻፍልኝ።

መልካም ጉዞ!