ለቮልስ የኋላ መቀመጫ ንፋስ

ከመካከላችሁ በልጅነቱ በቮልስ የኋላ መቀመጫ ላይ ተጣቦ ሩቅ መንገድ የሄደ ሰው ካለ ይህን ርዕስ ለምን እንዳነሣን ብዙ ማስረዳት አይኖርብንም። ፊት የተቀመጡት ሁለቱ የበሩን መስታወት ያወርዳሉ፤ ትንሿን ባለ ሦስት ማዕዘን መስታወት አዙረውም ንፋሱን ወደ ፊታቸው ይመልሳሉ። ከኋላ ያሉትስ? መኪናዋ ባለ ሁለት በር ናት። የኋላዎቹ የጎን መስታወቶች በአብዛኞቹ ቮልሶች ላይ በጎማ ተወጥረው የተገጠሙ ስለሆኑ አይከፈቱም። እዚያ የሚቀመጡት ደግሞ ልጆችና ‹‹እኔ ከልጆቹ ጋር ይሻለኛል›› የሚሉ አያቶች ናቸው። (መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱትም በቮልስ፣ ያውም ከኋላ ተቀምጠው ነበር።)

የእኛን ቤት ያነቃው የአዳማ መንገድ ነው። ለዒድ ዘመድ ልንጠይቅ ስንወርድ ሞጆ ሳንደርስ ትንሿ ልጃችን ‹‹ራሴን አመመኝ›› አለች፤ ወዲያውም አስመለሳት። አያቷ በሻርፓቸው ጫፍ እያራገቡላት አዳማ ደረስን። ሙቀቱ ነው ብለን ደመደምን። ስንመለስ የሚከፈት የኋላ መስታወት እንዲገጥምልን ወደ ሰፈራችን መካኒክ ሄድን። እሱ ግን ‹‹እሺ፣ መጀመሪያ ከሥር ልያት›› አለን።

ነገሩ ወዲህ ነው። የቮልስ ሞተር ከኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውኃ ሳይሆን በአየር ነው። የውስጥ ማሞቂያዋ ሙቀት የሚያገኘው የጭስ መውጫውን ቧንቧ ከከበበ የቆርቆሮ ሽፋን ነው። በዚያ ውስጥ ያለው ቧንቧ በዝገት ከተበሳ የሞተሩ ጭስ ከሞቀው አየር ጋር ተደባልቆ ተሳፋሪው ዘንድ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድብታ ያስከትላል፤ ሲበዛም ይገድላል። የእኛይቱ ቧንቧ ተበስቶ፣ የማሞቂያው ክዳንም ዝጎ ክፍት ቀርቶ ተገኘ። ሁለቱም ተለወጡ። መስታወት ከፍተን ብቻ ብንሄድ ኖሮ ምልክቱን ደብቀን አደጋውን ይዘን በተጓዝን ነበር።

ከዚያ በኋላ ወደ መስታወቱ ተመለስን። ፋብሪካው የሚከፈተውን ዓይነት ተጨማሪ ክፍያ ለሚከፍል ይገጥም ነበር። ከፊት ጠርዙ በማጠፊያ ይያዝና ከኋላ ጠርዙ ጥቂት ጣት ያህል ወደ ውጭ ይከፈታል፤ የልጅ ራስ አያስወጣም። መኪናዋ ስትሄድ በጎኗ የሚያልፈው አየር በዚያ ክፍተት የውስጡን አየር ስቦ ያወጣል፤ ንጹሑ ከፊት ይገባል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 1970 ወዲህ በተሠሩ ብዙ ቮልሶች ላይ ከኋላ መስታወቱ ጀርባ የምናያት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ቀዳዳም የተሠራችው ለዚሁ አየር ማስወጫ ነው።

የመጨረሻዋ ቮልስ በ2003 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ውስጥ ስለተሠራች፣ ዕቃውን ሶማሌ ተራ ካሉ አሮጌ ዕቃ ሻጮች መፈለግ ግድ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያቃጥላል። ከነሐሴ 1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመኪናዋ መስታወቶች ስለሰፉ የቀድሞዎቹ ለኋለኞቹ አይሆኑም። ስለዚህ ልኩን ሳትይዙ አትሂዱ። ደግሞም ፍሬሙን፣ ማጠፊያውንና መቆለፊያውን ከነመስታወቱ አብራችሁ ግዙ፤ ጎማውም የራሱ ነው፤ የድሮው አይሆነውም።

የድሮውን መስታወት ስታወጡ አንዱ ከውስጥ በመዳፉ በቀስታ ይግፋ፣ ሌላው ከውጭ ይቀበል። ጎማው ከደረቀ በምላጭ ቁረጡት እንጂ ከመስታወቱ ጋር አትታገሉ፤ አንዴ ከተሰበረ እንደ ጨው ይበተናል። ጎማው ሥር የተደበቀ ዝገት ብዙ ጊዜ ይገኛል። እሱን ፍቆ፣ ጸረ ዝገት ቀብቶና ቀለም ደርቦ ማድረቅ ከሥራው ሁሉ ረጅሙ ነው፤ የእኛን ሁለት ቀን ፈጅቷል። በትሬፓን ከመብሳታችሁ በፊት የጣሪያው ጨርቅ ሥር የተዘጋጀ የብሎን ቀዳዳ እንዳለ በጣታችሁ ዳስሱ። ብሎኑን በአንድ ጊዜ አታጥብቁ። ሲያልቅ ቁራጭ ወረቀት አስገብታችሁ መስታወቱን ዝጉና ሳቡት፤ ያለ ትግል ከወጣ በዚያ በኩል ዝናብ ይገባል።

በሚቀጥለው ጉዞ ከቢሾፍቱ ቁልቁል ስንወርድ መስታወቶቹን ከፈትናቸው። ልጅቷ ፊቷን ወደ ክፍተቱ አስጠግታ አዳማ እስክንደርስ ስትለፈልፍ ሄደች። አያቷ ግን ‹‹ዝጉልኝ፣ ንፋስ ይመታኛል›› ይሉ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ በእሳቸው በኩል ያለው ተዘግቶ በልጆቹ በኩል ያለው ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ተስማማን።